«ጋሻ አንሡ» የተባለው ለስንት ሰው ነው? የመንፈሳዊ ተጋድሎ ቃላት

ፊደላዊት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኤፌሶን 6፥12 «መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለም» ይላል። «ተጋደሉ» ሲባል በዕለት ንግግራችን ደም መፋሰስ ነው ትዝ የሚለን። ታዲያ ቃሉ እዚህ እንዴት ገባ? ደግሞም አንዳንዶች «መንፈሳዊ ውጊያ»፣ ሌሎች «ተጋድሎ» ይላሉ። አንድ ናቸው?

ሰዋስው፦ በግእዝ «ገደለ» የምንለው «ቀተለ» ነው። «ተጋደለ» ማለት ታገለ፣ ተጣጣረ ነው። የቅዱሳን «ገድል» የሚባለውም የትግላቸው ታሪክ ስለሆነ ነው። ኤፌሶን 6፥12 ላይ ያለው የግሪክ ቃል «ፓሌ» ሲሆን ሁለት ሰዎች ተያይዘው የሚታገሉትን ትግል ይጠራል። በ1 ጢሞቴዎስ 6፥12 «መልካሙን የእምነት ገድል ተጋደል» የተባለው ግን «አጎን» ነው፤ ይህኛው ከውድድር ሜዳ የመጣ ነው። አማርኛው ሁለቱንም በአንድ ሥር ስላስገባቸው አንባቢው «ፓሌ» ያለውን ቅርበት አያገኘውም። ፈተናው አንገት ለአንገት እንደተያያዘ ተጋጣሚ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማል።

ስለ ሁለተኛው፦ በኦርቶዶክሱ ዘንድ «ተጋድሎ» እና «ጾር» (የሚያስጨንቅ ፈተና) ይበዛሉ («የዝሙት ጾር ተነሣበት» እንደሚባለው)፣ በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ «ውጊያ»። «ውጊያ» ከ«ወጋ» ስለመጣ ጦሩንና በውጭ የቆመውን ጠላት ያሳያል። «ተጋድሎ» ዕድሜ ልክ የሚዘልቅና የገዛ ልብንም የሚጨምር ነው። እኔ «ተጋድሎ» ይሻላል ባይ ነኝ። በ«ውጊያ» ብቻ የሚያስብ ሰው አንድ ሌሊት ጮኾ ጸልዮ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በሦስተኛው ቀን ያው ሐሳብ ሲመለስበት እምነቱን መጠራጠር ይጀምራል። የተሳሳተው ጸሎቱ አይደለም፤ የጊዜው ግምት ነው።

የቃል ወዳጅ፦ ልክ ነው። «መቃወም» ራሱ የ«ቆመ» ልጅ መሆኑንም ልብ በሉ። ተቃወመ ማለት ፊት ለፊት ቆመ ማለት ነው። በኤፌሶን 6 ከቁጥር 11 እስከ 14 ባለው ክፍል ግሪኩ ያንኑ የመቆም ግሥ እየደጋገመ ያመጣዋል፤ አማርኛው አንድ ጊዜ «መቃወም»፣ ሌላ ጊዜ «መቆም»፣ በመጨረሻም «ቁሙ» ይለዋል። የድሉ መለኪያ በቦታ መገኘት ነው፤ ወጥታችሁ አሳድዱ የሚል ትእዛዝ በክፍሉ የለም። ትናንት በጸለየበት ሰዓት ዛሬም የቆመ ሰው ልቡ ደርቆ ቢሆን እንኳ አልተሸነፈም።

ፊደላዊት፦ እሺ፣ ቁጥር 16 ላይ ያለው «የእምነት ጋሻ»ስ? ተጋድሎው በመደጋገፍ ነው ይባላል፤ ጋሻ ግን አንድ ሰው የሚይዘው ነው። ታዲያ መደጋገፍ ከየት ይመጣል?

ቃል በቃል፦ ከጋሻው ቅርፅ ነው የሚመጣው። የእኛ ሰው «ጋሻ» ሲባል የሚያየው ክቡን የቆዳ ጋሻ ነው፣ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራውን። እርሱ በአንድ እጅ እየተሽከረከረ አንድን ሰው ይከላከላል። ጳውሎስ የተጠቀመበት «ቱሬዎስ» ግን «ቱራ» ከሚለው የመጣ ነው፤ «ቱራ» በር ማለት ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተጣብቆ ቆዳ የለበሰ የሮም ወታደር ጋሻ ነው። ወታደሮቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ጋሻ ከጋሻ ይገጥማል፤ የኋለኞቹ ከራሳቸው በላይ ሲያነሡት ደግሞ ጣሪያ ይሆናል። ቀስት የሚገባው አንዱ ሲያፈገፍግ በሚከፈተው ክፍተት ነው፣ የሚመታውም ብዙ ጊዜ አጠገቡ ያለውን ነው።

የቋንቋው ሰዋስው ደግሞ ይህን ይደግፋል። «ልበሱ»፣ «ቁሙ»፣ «አንሡ»፣ «ያዙ» ሁሉም ብዙ ቁጥር ናቸው፤ «ልበስ» የሚል በክፍሉ አታገኙም። የጦር ዕቃው ዝርዝርም ቁጥር 18 ላይ «ስለ ቅዱሳን ሁሉ» በመለመን ይዘጋል።

ፊደላዊት፦ ገላትያ 6 ላይ ግን ቁጥር 2 የሌላውን ሸክም ተሸከሙ ይላል፣ ቁጥር 5 እያንዳንዱ የራሱን። የቱን እንያዝ?

ቃል በቃል፦ ሁለቱንም። አማርኛው ለሁለቱም «ሸክም» አለ እንጂ ግሪኩ ለየብቻ ነው። ቁጥር 2 «ባሮስ» ነው፣ ሰውን የሚያጎብጥ ክብደት። ቁጥር 5 «ፎርቲዮን» ነው፣ እያንዳንዱ የሚይዘው የራሱ ጭነት። ወደ ሥራ ስናመጣው፦ ሐዘን፣ ሱስ፣ ተስፋ መቁረጥ፣ የማይለቅ የሐሳብ ጾር «ባሮስ» ናቸውና ሌላ ትከሻ ይፈልጋሉ። የዕለት ጸሎቱ፣ ጾሙ፣ ይቅር ማለቱ «ፎርቲዮን» ነው፤ ማንም አይጸልይልህም ማለት ሳይሆን ማንም በአንተ ፈንታ አይጸልይም። ጉዳት የሚመጣው ሲምታቱ ነው። አንዱ የራሱን ጸሎት ለአገልጋይ አሳልፎ ይሰጣል፣ ሌላው የሚያጎብጠውን ደብቆ ብቻውን ይወድቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለ«ባሮስ» ነው።

የቃል ወዳጅ፦ እዚህ ላይ «ተናዘዘ»ን ካላነሣን ነገሩ ይጎድላል። በግእዝ «ናዘዘ» አጽናና ማለት ነው፤ «ናዛዚ» አጽናኝ። ስለዚህ ኑዛዜ የሚሰማ ሰው ሥራው ከሥሩ ማጽናናት ነው፣ በኦርቶዶክሱ የንስሐ አባት፣ በሌሎች ዘንድ የጸሎት አጋር። ያዕቆብ 5፥16ም መናዘዝንና ስለ ሌላው መጸለይን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሁለትና ሦስት ሆነው ለሚጸልዩ የምለው፦ ቀንና ሰዓት ይቆረጥ፤ «ፈተና ላይ ነኝ» ብሎ መሸፈን ቀርቶ ነገሩ በስሙ ይጠራ (ቅናት፣ መጠጥ፣ ቂም)፤ ሰሚው ቶሎ ምክር ሳይደረድር መጀመሪያ ይጸልይ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ነገር እርሱ ራሱ አንሥቶ ይጠይቅ። የተነገረው ለአራተኛ ሰው ከደረሰ፣ «እንጸልይለት» በሚል ሽፋን እንኳ ቢሆን፣ ሐሜት ሆኗል፤ የተጎዳው ሰውም ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ለሕመምና ለከባድ የአእምሮ ጭንቀት ሐኪም መጥራትም ሸክም መሸከም ነው።

ሰዋስው፦ «ጋሻ ጃግሬ»ንም እንመልሰው። ዛሬ በፖለቲካው ስድብ ሆኗል። 1 ሳሙኤል 14 ላይ ግን ዮናታን ወደ ፍልስጥኤማውያን ጭፍራ ሲወጣ ከኋላው በገደሉ የወጣው ጋሻ ጃግሬው ነው። ስሙ እንኳ አልተጻፈም፣ ውጊያው ግን የሁለቱ ነበር። ለጸሎት አጋር ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ቃል አላውቅም።

ፊደላዊት፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ስጸልይ «ድል ሆነልን» እላለሁ። ግን «ድል ነሣ» አሸነፈ ነው፣ «ድል ሆነ» ደግሞ ተሸነፈ። ለምን ተገለበጠ?

ሰዋስው፦ በጥንቱ አነጋገር «ድል» የሚወርደው በተሸናፊው ላይ ነው። «ጠላት ድል ሆነ»፣ «ድል ተመታ» እንደምንለው። ዛሬ «ድል» ብቻውን ሲቆም የአሸናፊው ሆኗልና «ድል ሆነልን» ስትዪ «ልን»ን አትርሺ፤ ያቺ ቅጥያ ከወደቀች «ድል ሆነ» ተሸነፈ ይሆናል። «ልኝ» ሳይሆን «ልን» ማለትሽንም ወድጄዋለሁ።