«በራሱ ይሄዳል» ሲባል በምኑ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ትርጉም ላይ ተቸንክሬ ቀርቻለሁ። ጽሑፉ ሴል ውስጥ ጭነት ስለሚያመላልሱ ፕሮቲኖች ነው። ኪኔሲን የሚባለው ሁለት «ራስ» እና አንድ «ጅራት» አለው ይላል። በጅራቱ ጭነቱን ይይዛል፣ በራሶቹ ይራመዳል! እኔም እጄ እንዳመጣልኝ «ኪኔሲን በራሱ ይሄዳል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አነበበና «ማንም ሳይረዳው ማለትህ ነው?» አለኝ። ምን ይሻላል? ጽሑፉ እነዚህን ፕሮቲኖች «ሞለኪውላዊ ሞተር» ይላቸዋል፤ እሱስ ይቅር? «አንቀሳቃሽ» ልበለው?

ሆሄ፦
ጓደኛህ እውነቱን ነው። «ራስ» አማርኛ ላይ ሁለት ሥራ ይዛለች። ጭንቅላትም እሷ ናት፣ «እኔ ራሴ» የምንለውም እሷው ናት። «በራሱ» ሲባል ጆሯችን ቀድሞ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። «በራሶቹ» ብትል ከጥርጣሬው ትድናለህ፣ ግን ይጎረብጣል። እኔ ብሆን «እግር» እለዋለሁ። የሚራመዱበት ነገር እግር ነው፣ አለቀ።

«አንቀሳቃሽ» ላይ ግን ቆም በል። ተንቀሳቀሰ፣ ተንከባለለ፣ ተንጠለጠለ፣ ተንገዳገደ የሚሉትን ግሦች እያቸው። «ተን» ሲሆን ራሱ ባለቤቱ ነው የሚነቃነቀው። «ተን»ን በ«አን» ስትለውጣት ሌላውን የሚነቀንቅ ይመጣል፦ አንቀሳቀሰ፣ አንከባለለ። የአንተ ፕሮቲን ሁለቱንም ነው። ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ጭነቱን ያንቀሳቅሳል። «አንቀሳቃሽ» ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርህ።

የሴል ነገር፦
ባዮሎጂ ስላጠናሁ ልግባበት። ሆሄ የጠቀስከው «ተንገዳገደ» ሳይታሰብ ቦታውን አግኝቷል። ኪኔሲን ሲሄድ የወታደር ሰልፍ እንዳይመስላችሁ።

ቀረብ ብለን እንየው። ኪኔሲን የሚራመድበት ሐዲድ ማይክሮቲዩቡል ይባላል፤ ሴል ውስጥ የተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ነው። የፊተኛው እግር ሐዲዱ ላይ ተጣብቆ ቆሟል። ኤቲፒ የሚባለው የሴል ነዳጅ መጥቶ ይገባበታል። ያኔ ከእግሩ በላይ ያለች አጭር አንገት መሳይ ክር ወደ ፊት ታጥፋ ትለጠፋለች። በዚህ የኋላው እግር ወደ ፊት ይወረወራል። ግን ወዲያው አያርፍም። በዚያ መጠን ላለ ነገር ውሃ ጸጥ ያለ ቦታ አይደለም፤ የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ይደበድቡታል። እግሩ ወዲያ ወዲህ ይንገዳገዳል። ቀጣዩን መርገጫ ሲያገኝ ጥብቅ ይላል። አሁን ከኋላ የቀረው እግር ደግሞ ኤቲፒውን ሰብሮ ይነቀላል፤ ተራው የእሱ ነው። በአንድ እርምጃ አንድ ኤቲፒ ያልቃል፣ ጭነቱም 8 ናኖሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። በደህና ቀን በሰከንድ 100 ያህል ጊዜ ይራመዳል።

ስለዚህ «በራሱ ይሄዳል» በአንደኛው ትርጉም እውነት፣ በሁለተኛው ውሸት ነው። ኤቲፒ ከሌለ ሐዲዱን እንደያዘ ድርቅ ይላል። ቆሞ ቀር ማለት እሱ ነው። ሬሳ የሚደርቀውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የጡንቻው ሞተር ማዮሲን ኤቲፒ ሲያጣ ከያዘው ክር መላቀቅ ያቅተዋል።

እግረ መንገዴን ስለ ስሞቹ። ኪኔሲን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ስላለው እዚያ ላይ ሲመራመሩ ነው ያገኙት። ቃሉ «መንቀሳቀስ» ከሚል የግሪክ ግሥ ነው። ሲኒማም የዚያው ግሥ ልጅ ነው። ሌላው ሞተር ዳይኒን «ኃይል» ከሚለው፣ ማዮሲን «ጡንቻ» ከሚለው ይመዘዛሉ።

ቧልተኛው፦
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ ለዚህ ነው።

የሴል ነገር፦
ሃሃ፣ በሰከንድ 100 እርምጃ ቀስ በቀስ ነው እንዴ? ግን ሒሳቡን ስሠራው አንተም አልተሳሳትክም። ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ነርቭ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ሳያርፉ ቢሄዱ እንኳ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ደግሞ አንዱ ኪኔሲን ብቻውን 100 ያህል እርምጃ ሄዶ ከሐዲዱ ይወድቃል። ጭነቱ የሚደርሰው ብዙዎቹ እየተጋገዙ ስለሚይዙት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሺ፣ «ሞተር»ስ? ሞተር ሲባል የሚሽከረከር ነገር ነው የሚመጣብኝ። ይሄ የሚራመድ ነው።

የሴል ነገር፦
የሚሽከረከርም አለ። ያንኑ ኤቲፒ የሚሠራው ፕሮቲን መሃሉ ላይ ዘንግ አለው፤ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሦስት ኤቲፒ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የጃፓን ተመራማሪዎች ዘንጉ ላይ የሚያበራ ክር አጣበቁና፣ በተቃራኒው ኤቲፒ አብልተውት ክሩ ሲዞር በማይክሮስኮፕ አዩት። ሞተር ካልን ሞተር እሱ ነው። ለኪኔሲን ግን እኔም ይከብደኛል።

ሆሄ፦
እኔ «ሞተር»ን አልጥልም። ማንም ያውቀዋል። ነዳጅ በልቶ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው፣ መሽከርከሩ ግዴታ አይደለም። «ሞተር ፕሮቲን» በለውና እለፍ። «አንቀሳቃሽ» የሚለውን ለማብራሪያው አቆየው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ተባረኩ። እንዲህ አደረግኩት፦ «ኪኔሲን የተባለው ሞተር ፕሮቲን በሁለት እግሮቹ እየተፈራረቀ በሐዲዱ ላይ ይራመዳል፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኤቲፒ ይከፍላል።»

ሆሄ፦
«በሁለት እግሮቹ እየተፈራረቀ» ሳይሆን «ሁለት እግሮቹን እያፈራረቀ»። የሚፈራረቁት እግሮቹ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። ሌላው ይሄዳል፤ በእግሩም።