አባቴ የተከለው ጥድ ጫካ ሆነብኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የሐሙሲቱ ልጅ
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ እናቴ ግን ከሐሙሲት ወጣ ብሎ በአባቴ ይዞታ ላይ ናት። አባቴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ገደማ) በሚሆን ተዳፋት ላይ ጥድ ተከለ፤ ከዚያ ወዲህ መጋዝ ነክቶት አያውቅም። እርሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ዛሬ ዛፎቹ ተጋፍተው፣ የታችኛው ቅርንጫፋቸው ደርቆ እንደ አጥር ተቆላልፏል። ከሥራቸው ሣር አይበቅልም፤ ጎንበስ ሳይሉ መግባት አይቻልም። ባለፈው ክረምት ጅብ መሸሸጊያ አድርጎት ሁለት በግ አጣን። የዳሩ ረድፍ ደግሞ የጎረቤታችንን ጤፍ ያጠላበታል፤ ጋሼ በየዓመቱ ይነግሩናል፣ እውነታቸውንም ነው።

አንድ እንጨት ነጋዴ ሁሉንም በሞተር መጋዝ ቆርጦ ሊወስድ ጠየቀን፤ በምትኩ ባሕር ዛፍ ትከሉ ይላል። ወንድሜ ተስማምቷል። እናቴ «አባታችሁ ያቆመውን አታስተኙብኝ» ትላለች። ጥድ ከጉቶው ያቆጠቁጣል? ስንቱን ባነሣ ሌላው ይፋፋል? ፈቃድስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ የደን ሠራተኛ
የመጀመሪያው አጭር ነው፤ አያቆጠቁጥም። ባሕር ዛፍ አስለምዶን ዛፍ ሁሉ ከጉቶው የሚነሣ ይመስለናል። ጥድ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ቅርንጫፉም እንደዚያው ነው፤ ቅጠሉን አልፈህ ወደ ደረቁ እንጨት ከገባህ ያ ቦታ ራቁቱን ይቀራል።

ለመሆኑ የትኛው ጥድ ነው? የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ፍሬውን ለቅመህ ተመልከት። የሐበሻው ከሽንብራ የማይበልጥ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ፣ በጣት ሲጨመቅ የሚፈርስ ነው። የፈረንጁ ፍሬ ግን እንጨት ነው፤ ድቡልቡል ሆኖ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። ምንም ፍሬ የሌለው ዛፍ ብታገኝ መካን ነው ብለህ አትፍረድበት፤ የሐበሻ ጥድ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው።

የሐሙሲቱ ልጅ
ቅዳሜ ሄጄ አየሁ። የውስጦቹ ፍሬ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በአውራ ጣቴ ስጠርገው ጠቆረ፣ ስጨምቀው ፈረሰ፤ እጄ እስከ ማታ ጥድ ጥድ ሲሸት ዋለ። የዳሩ ረድፍ ፍሬ ግን ደረቅ እንጨት ነው፣ ተሰንጥቋል። እናቴ ሳቀችብኝ። «እርሱንማ አባትህ ለአጥር ብሎ ከችግኝ ጣቢያ ያመጣው ነው፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለችኝ። የጋሼ ማሳ ከረድፉ በስተሰሜን ነው።

የደን ሠራተኛ
እንግዲያው ሁለት ዓይነት ሥራ አለህ።

የዳሩ ረድፍ የፈረንጅ ጥድ ነው። ጤፉ በሚያሸትበት በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላው የሚያርፈው ጋሼ ማሳ ላይ ነው። አናቱን መቁረጥ ቀላል ይመስላል፤ ዛፉን ግን ያበላሸዋል፣ ጎን ለጎን ሁለት ሦስት አናት ያወጣና እንጨቱም ለምንም አይሆንም። ይልቅስ አንድ እየዘለልክ ከሥሩ አንሣ። የቀሩትን ከታች እስከ ቁመታቸው ሲሶ ድረስ ቅርንጫፋቸውን መልምል። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ገንዘብ ካስፈለጋችሁ ከዚህ ውሰዱ።

በውስጡ ግን አትቸኩል። ተጋፍቶ ያደገ ዛፍ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጎረቤቱ ስለሚደግፈው ነው። በአንድ ጊዜ ብታሳሳው የክረምቱ መግቢያ ነፋስ የተረፈውን ይጥልብሃል። ዘንድሮ ከአራት አንድ ብቻ አንሣ፤ የደረቀውን፣ የተጣመመውን፣ ከሌላው ጥላ ሥር የቀረውን። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ተመለስበት። ፍሬ ያላቸውን ሴቴዎችና በመካከላቸው የቆሙትን ወንዴዎች ተውልኝ፤ ወፎች ከዚያ እየለቀሙ ያለ ችግኝ ጣቢያ ይተክሉልሃል። ሥራው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሁን።

ለምልመላ ገጀራ አታስገባ። በመጋዝ መጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት ቁረጥ፣ ከዚያ ከላይ ጨርስ። ያለበለዚያ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይዞት ይወርዳል።

መልስ፦ አናጢው
የምታነሣቸውን ቀጫጭኖች ለአጥር ቋሚ አትሽጥባቸው፣ ስምህን ታጠፋለህ። ጥድ ምስጥ አይበላውም የሚባለው ለቀዩ ልቡ ነው፤ ያ እርሳስ እርሳስ የሚሸተው። ቀጭን ጥድ አብዛኛው ነጭ ነው፣ ልቡ ገና አውራ ጣት አያህልም። መሬት ውስጥ ከተተከለ ነጩ በጥቂት ዓመት ያልቃል። ለማገር፣ ለጣሪያ፣ ለዶሮ ቤት ይሁን፤ ቅርፊቱን ወዲያው ላጠውና ጥላ ውስጥ አድርቀው። ወፍራሞቹን ለምን እንደሚፈልጋቸው ነጋዴው በደንብ ያውቃል። የሠላሳ ዓመት ልብ ነው የሚገዛህ፣ በማገዶ ዋጋ።

መልስ፦ ባለ ባሕር ዛፉ
ሁላችሁም የጥድ ጠበቃ ሆናችሁ። እኔ ልጆቼን ያስተማርኩት በባሕር ዛፍ ነው። በአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል፣ ተቆርጦ ይመለሳል። ጥድ ለልጅ ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን በየመስከረሙ ነው።

የደን ሠራተኛ
ስለ ገንዘቡ አልከራከርህም። ነገር ግን ጤፍ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል የጥላውን ጠብ በውኃ ጠብ መለወጥ ነው። ተዳፋቱም አለ። ባንድ በጋ ከተገለጠ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወደ ጉማራ ወንዝ፣ ከጉማራም ወደ ጣና ይወስደዋል። ጠያቂው ባሕር ዛፍ ከፈለገ ከማሳ የራቀ ሜዳ ይፈልግለት።

መልስ፦ የዘጌዋ
ልጄ፣ እኛ ዘጌ በወጉ በሬ አይጠመድም፤ የምንኖረው ዛፍ ሥር በሚበቅል ቡናና ጌሾ ነው። ቡና በጥድ ሥር አታስብ፤ ጥላው ዓመቱን ሙሉ ከባድ ነው። ስታሳሳው ብርሃን በሚገባበት በዳር በዳሩ ግን ጌሾ ሞክር፤ እናትህ ከደጇ ሳትርቅ ቀጥፋ ትሸጠዋለች። የቆረጥከውን ቅርንጫፍ እዚያው አታቃጥል። ደረቅ የጥድ ቅጠል እንደ ጋዝ ነው የሚይዘው፣ የቆመውንም ይዞ ይሄዳል። ወፍራሙን ለማገዶ፣ ቅጠላሙን ተዳፋቱን አግድም ደርድረው፤ አፈር ይይዛል። ሐምሌ ላይ ከሥር ወፍ የዘራው ችግኝ ካየህ ከነአፈሩ አንሥተህ ወደ ተገለጠው ቦታ አዛውረው።

መልስ፦ ፈቃድ ያወጣሁ
ወንድሜ፣ መጋዝ ከማንሣትህ በፊት የይዞታ ደብተሩን ይዘህ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አምጥተህ አሳየው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ቢሻርም ሰው ሁሉ ጥድ ሲቆረጥ ካየ ዛሬም ይጠይቃል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደንን ያውቃል፤ ቢሆንም መቁረጥ አንድ ነገር ነው፣ ጭኖ ማጓጓዝ ሌላ ነው። እኔ የመቁረጫውን ይዤ የማዘዋወሪያውን ረስቼ አንድ ጭነት ኬላ ላይ ሁለት ቀን አድሮብኛል። ነጋዴው «ወረቀቱ የእኔ ጣጣ ነው» ካለህ ወረቀቱን አሳየኝ በለው።

የሐሙሲቱ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለሙያው መጥቶ አይቷል፤ ከጥምቀት ማግሥት ጀመርን። ከዳሩ ረድፍ ያነሣነውን ወንድሜ ሸጦ ዋጋውን ሲቆጥር ነጋዴውን ተወው፤ ጋሼም ሲቆረጥ ገመድ ይዘው አገዙን። ለውስጡ «የሚቀሩትን በነጭ ጨርቅ እሰሪልኝ» ብዬ አንድ አሮጌ ነጠላ ለእናቴ ሰጠኋት። ማታ ስመለስ ነጠላው አልቆ ሌላ ጨምራለች፤ ሁሉንም አስራቸዋለች፣ የደረቁትን ጭምር። እሑድ አብረን እየዞርን ስንፈታ ዋልን። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ የተመለመለበትን ቁስል ቀለም ልቀባው?

የደን ሠራተኛ
አትቀባው። ንጹሕ ቆረጣ ከሆነ ራሱ ይሸፍነዋል። ለእናትህም የደረቁትን ሁለት ሦስቱን ተውላቸው፤ ወፍ ያርፍባቸዋል።