ስሌቱን እየሠራሁ ቴርሞዳይናሚክሱ ያልገባኝ ለምንድን ነው?

ተማሪው ከአራት ኪሎ፦

የሜካኒካል ምሕንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረውም አራት ኪሎ አካባቢ ከቤተሰቦቼ ጋር ነው። ሙቀት፣ ሥራና ጉልበት እንዴት እንደሚለዋወጡ በሚያጠናው በቴርሞዳይናሚክስ የመጀመሪያ ፈተና ጥሩ ውጤት አግኝቼ ነበር፤ የጥያቄዎቹን ዓይነት ለይቼ፣ ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ቀመር በቃሌ ይዤ ስለገባሁ ነው። በሁለተኛው ፈተና ግን ጥያቄው መልኩን ትንሽ ሲቀይር ከየት እንደምጀምር እንኳ ጠፋኝ። ፒስተን ያለው ሲሊንደር ሲሆን አውቀዋለሁ፤ አየር በቱቦ ገብቶ ባዶ ታንከር ሲሞላ ግን የትኛውን ቀመር ላንሣ?

ይበልጥ ያሳሰበኝ በቅርቡ ቤት ውስጥ ያጋጠመኝ ነገር ነው። የሚፈላ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ብከት 92 ዲግሪ ላይ ቆመ። ተበላሽቷል ብዬ ከጓደኛዬ ሌላ ተዋስኩ፤ እሱም 92 ላይ ቆመ። ምክንያቱ የከተማችን ከፍታና የአየር ግፊቱ ማነስ መሆኑን በፈተና ብጠየቅ ያለ ችግር እጽፋለሁ፤ ድስቱ አጠገብ ቆሜ ግን መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቴርሞሜትሩን ነበር። ኤንትሮፒንም «ሥርዓት አልባነት» ብዬ ሸምድጄዋለሁ፤ በዚህ ቃል ግን አንድም ጥያቄ ሠርቼ አላውቅም።

ይህን ትምህርት በእውነት የተረዳችሁ፣ በምን መንገድ እንደተረዳችሁት ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ትውሉልኛላችሁ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል።

መምህር፦

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ትምህርት ለረጅም ጊዜ ሳስተምር ስለቆየሁ፣ የተቸገርከው አንተ ብቻ እንዳልሆንክ ከሁሉ አስቀድሜ ልነግርህ እወዳለሁ።

ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛችን «የዛሬው ሙቀት ስንት ነው?» ስንል ቴርሞሜትር የሚያሳየውን መጠነ ሙቀት ማለታችን ነው፤ «ምድጃው ሙቀት ይሰጣል» ስንል ደግሞ ከትኩሱ አካል ወደ ቀዝቃዛው የሚሻገረውን ጉልበት ማለታችን ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ብዙው ተማሪ የሚያሰላስለው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለሆነ፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ተጠቅልለው ክፍል ይገባሉ። «የሚፈላ ውኃ ሙቀት እየተሰጠው ሙቀቱ አይጨምርም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እርስ በርሱ የሚጣላ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። «ውኃው ጉልበት እየተቀበለ መጠነ ሙቀቱ ግን አይጨምርም» ብለህ ስትጽፈው ጠቡ ይቀርና «ታዲያ የተቀበለው ጉልበት የት ገባ?» የሚል እውነተኛ ጥያቄ ይተካል። ሙቀት በውኃው ውስጥ ተከማችቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ወሰን በሚሻገርበት ጊዜ ብቻ ሙቀት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1824 ስለ ሙቀት ሞተር የጻፈው ሳዲ ካርኖ እንኳ ሙቀትን የማይጠፋና የማይፈጠር፣ ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ የሚወርድ ረቂቅ ፈሳሽ አድርጎ ነበር ያሰበው፤ የሞተሮችን የብቃት ጣሪያ በተመለከተ የደረሰበት መደምደሚያ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል። ለእርሱ ያልጠራ ነገር በአንድ ሴሚስተር ቢያስቸግርህ አይግረምህ።

«ወሰን» ያልኩትን ቃል እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የታንከሩ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ቀመር ከማንሣትህ በፊት የምታጠናው ነገር የቱ እንደሆነ በእርሳስ ከብበው፤ ከዚያም ያንን መስመር ምን እንደሚሻገር ጠይቅ፤ ሙቀት ነው፣ ሥራ ነው፣ ወይስ ራሱ አየሩ? በደንብ የተሸፈነና ሙቀት የማያስተላልፍ ባዶ ታንከር 20 ዲግሪ የሆነ የውጭ አየር ቢገባበትና ግፊቱ ከውጭው ጋር እስኪተካከል ቢሞላ፣ ውስጡ ያለው አየር 137 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ማንም አላሞቀውም። ነገር ግን ወደ ውስጥ የሚገባውን እያንዳንዱን የአየር ክፍል ከኋላው ያለው አየር እየገፋ ያስገባዋል፤ የዚያ ግፊት ሥራ ወሰኑን ተሻግሮ ታንከሩ ውስጥ ይቀራል። ወደ ውስጥ የሚገባውን በኢንታልፒ (ውስጣዊ ጉልበቱ ከመግፊያው ሥራ ጋር ተደምሮ)፣ ውስጥ ያለውን ግን በውስጣዊ ጉልበት የምንቆጥረው ለዚህ ነው። ሲሊንደሩም ታንከሩም የሚመሩት በአንድ ሕግ ነው፤ የሚለያዩት ወሰኑን በሚሻገረው ነገር ብቻ ነው።

ውስጣዊ ጉልበት የሁኔታ መለኪያ ነው፣ ሙቀትና ሥራ ግን የመንገድ ጉዳይ ናቸው የሚባለውንም ከከተማችን ልታየው ትችላለህ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ስድስት ኪሎ በአራት ኪሎ ብትወጣም ሆነ በፒያሳ ዞረህ ብትሄድ፣ የሁለቱ ቦታዎች የከፍታ ልዩነት አይለወጥም፤ የፈጀኸው ነዳጅና ያጠፋኸው ጊዜ ግን በመረጥከው መንገድ ይወሰናል።

ኤንትሮፒን በተመለከተ «ሥርዓት አልባነት» የሚለውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገውና አንድ ስሌት በእጅህ ሥራ። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጀበና በ92 ዲግሪ ከእሳት ወርዶ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ተረሳ እንበል። የጀበናውን ሸክላ ትተን ውኃውን ብቻ ብንወስድ 150 ኪሎጁል ያህል ለክፍሉ ሰጥቷል። የውኃው ኤንትሮፒ በ0.459 ኪሎጁል በኬልቪን ቀነሰ፤ የክፍሉ ግን በ0.514 ጨመረ። ከጉልበቱ ምንም አልጠፋም፤ ሁለቱን ስትደምራቸው ግን ከዜሮ በላይ የሆነ 0.055 ገደማ ይተርፋል። ይህን ትርፍ በክፍሉ ፍጹም መጠነ ሙቀት፣ በ293 ኬልቪን፣ ብታባዛው 16 ኪሎጁል ይሆናል። ይህም በውኃውና በክፍሉ መካከል እንከን የሌለው ሞተር ቢቀመጥ ኖሮ የምናገኘው፣ አሁን ግን ለዘለዓለም ያመለጠን ሥራ ነው፤ 50 ኪሎ ጤፍ ወደ አሥረኛ ፎቅ ሊያወጣ ይችል ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውዚየስ እ.ኤ.አ. በ1865 ኤንትሮፒ የሚለውን ስም ሲያወጣ የተነሣው መለወጥን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው፤ ለምሕንድስና ተማሪም የሚጠቅመው ይኸው፣ ምን ያህል ሥራ የመሆን ዕድል እንደባከነ የሚቆጥርበት ትርጉም ነው።

በመጨረሻ የቤት ሥራ ልስጥህ። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ውኃ ሞልተህ አፍላ፤ ክዳኑን ከፍተህ ልክ ሦስት ደቂቃ እንዲፈላ ካደረግህ በኋላ ምን ያህል ውኃ እንደጎደለ በኩሽና ሚዛን መዝን። አንድ ኪሎ ውኃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ጉልበት ከራስህ መለኪያ አውጣና ከዚያ በኋላ ብቻ የውኃና የእንፋሎት መለኪያዎች የተዘረዘሩበትን ሠንጠረዥ ክፈት። ስትሠራ ግን እንፋሎቱ እጅህን እንዳያቃጥልህ ተጠንቀቅ።

የማቀዝቀዣ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ፦

መምህር ከጻፉት ላይ ከሥራ ያገኘሁትን ልጨምር። ፍሪጅ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ እናወጣለን። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ከዜሮ በታች እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ ድረስ ተቀርጿል፤ መመሪያዎቹም ወደዚያ ቁጥር እንድንቀርብ ይነግሩናል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት መርፌው 22 ተኩል ገደማ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲለኝ፣ ቱቦው ያፈሳል ብዬ ቀዳዳ ስፈልግ ግማሽ ቀን ሙሉ አጠፋሁ። ቀዳዳ አልነበረም። ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው፤ እዚህ ያለው አየር ደግሞ ራሱ 76 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ማለትም 22 ተኩል ኢንች ሜርኩሪ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሊወጣ የሚችል ነገር የለም። ወንድሜ፣ አንተ ቴርሞሜትሩን እንደጠረጠርከው እኔም ቱቦውን ጠረጠርኩ፤ ሁለታችንንም ያሳሳተን በባሕር ጠለል ልክ የተጻፈን ቁጥር እንደ ተፈጥሮ ሕግ መያዛችን ነው።

በስሌት ላይም ይኸው ስህተት ይመጣል። ጌጁ 20 ኪሎፓስካል የሚያሳይ የእንፋሎት ማፍያ እዚህ አዲስ አበባ ፍጹም ግፊቱ (የጌጁ 20 ከአየሩ 76 ጋር ተደምሮ) 96 ስለሆነ ውኃው በ98 ተኩል ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከልማድ የባሕር ጠለሉን የአየር ግፊት 101 ብትደምርበት ግን 105 ዲግሪ ታገኛለህ። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሰው ጭኖ የሚወጣ ሚኒባስ የሚያቃስተውም በዳገቱ ብቻ አይደለም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ከሚስበው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ረዳት መምህር፦

ሁለቱም መልሶች ደስ ብለውኛል፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳልቃወም ማለፍ አልችልም። ሠንጠረዥን በኋላ መክፈት ጥሩ ቢሆንም፣ ሠንጠረዡን ደጋግሞ በእጅ ሳያነቡ ግንዛቤ ይመጣል ብዬ አላምንም። የፈተና ወረቀት ሳርም በብዛት የማየው ስህተት የወሰን አይደለም፤ ተማሪው የያዘው ነገር ፈሳሽ፣ ድብልቅ ወይም እንፋሎት መሆኑን ሳይለይ መሮጡ ነው። ውኃ 120 ዲግሪ ላይ ሆኖ ግፊቱ 150 ኪሎፓስካል ከሆነ ከፈላ በኋላ የበለጠ የጋለ እንፋሎት ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ግፊት የሚፈላው በ111 ዲግሪ ገደማ ነው። ግፊቱ 200 ከሆነ ግን የሚፈላው ከ120 ጥቂት አለፍ ብሎ ስለሆነ ገና ፈሳሽ ነው። መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአንድ ኪሎው መጠን (የሚይዘው ቦታ) በሺህ እጥፍ ገደማ ይለያያል። ስለዚህ በየቀኑ አምስት የግፊትና የመጠነ ሙቀት ጥንዶችን በዘፈቀደ ጻፍና ሁኔታቸውን ገምት፤ ግምትህን በግፊትና መጠን ሥዕል ላይ በነጥብ አስቀምጥ፤ ከዚያም አረጋግጥ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የሁለት ወር ጊዜ ላለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ተማሪው ከአራት ኪሎ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ የሰጡኝን የቤት ሥራ ሠርቼዋለሁ። ማንቆርቆሪያችን በ220 ቮልት 2000 ዋት እንደሚወስድ ተጽፎበታል። በሦስት ደቂቃ 134 ግራም ጎደለ። 360 ኪሎጁልን በዚህ ሳካፍለው ለአንድ ኪሎ 2687 ኪሎጁል መጣልኝ፤ ለ76 ኪሎፓስካል ሠንጠረዡ የሚሰጠው ግን 2277 ያህል ነው። እንደ በፊቱ ቢሆን ሚዛኑ ተበላሽቷል እል ነበር።

በዚህ ጊዜ ግን ወሰኑን እንደገና ሠርቼ ምን እንደሚሻገረው ጠየቅሁ። መጀመሪያ የተጠራጠርኩት የሚገባውን ኤሌክትሪክ ነበር፤ ማንቆርቆሪያው እየሠራ ሳለ ጎረቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሶኬቱን ሲለካልኝ 205 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ኃይሉ በቮልቴጁ ካሬ ስለሚቀንስ በእርግጥ የገባው 1737 ዋት ያህል፣ በሦስት ደቂቃም 313 ኪሎጁል ገደማ ነው። አሁን ለአንድ ኪሎ 2333 ኪሎጁል ይመጣል። ውኃውን ለማትነን 305 ያህል ከበቃ፣ የቀሩት ወደ 7 ኪሎጁል የሚጠጉት በማንቆርቆሪያው ግድግዳ በኩል ወደ ክፍሉ ወጥተዋል ብዬ ወስጃለሁ፤ ይህም 40 ዋት ገደማ ማለት ነው። ግድግዳውን በጨርቅ ጠቅልዬ ነገ ማታ እደግመዋለሁ፤ ግምቴ ትክክል ከሆነ ቁጥሩ ወደ 2277 መቅረብ አለበት።