ለምርጫ የሚወጣ ገንዘብ ንግግር ነው ወይስ ጉልበት?

ሄኖክ፦
ጥያቄዬን በቀጥታ ላንሳው። አንድ ባለሀብት የሚፈልገውን ዕጩ ለማስመረጥ ያለውን ሁሉ ቢያፈስ ይፈቀድለት? ወይስ ሕግ «እስከዚህ ድረስ ብቻ» ይበለው? እኔ ጣሪያ ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

አሜሪካን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1976 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ መስመር አሰመረ። ለዕጩ የሚሰጥ መዋጮ ሊገደብ ይችላል አለ። ዕጩውም ሆነ ሌላ ሰው በራሱ ለቅስቀሳ የሚያወጣው ግን አይገደብም። ሐሳብን ለብዙ ሰው ማድረስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወጪን መገደብ ንግግርን መገደብ ነው ከሚል ነው። በ2010 ደግሞ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራትም ከካዝናቸው ያለ ገደብ እንዲያወጡ ፈቀደ። ለዕጩው በእጁ አይስጡት እንጂ ስለ እሱ የፈለጉትን ያህል ማስታወቂያ መክፈል ይችላሉ።

ውጤቱስ? በ2024 ምርጫ አንድ ተራ መራጭ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ ለአንድ ምርጫ መስጠት የሚችለው 3,300 ዶላር ነበር። ኢሎን መስክ ግን ከዕጩው ውጪ በተቋቋሙ ቡድኖች በኩል ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ከምርጫው በኋላ አሸናፊው ዶናልድ ትራምፕ የመንግሥትን ወጪ የመቀነሱን ሥራ እንዲመራ መረጠው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ማለት ይሄ አይደል?

ይህን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ለተማሪዎች ኅብረት ሦስት ልጆች ተወዳደሩ። አንደኛው ቤተሰቦቹ ደህና ገንዘብ ስለነበራቸው ፎቶውን በትልቅ ባነር አሳትሞ በሩ ላይ ሰቀለ። ኮሪደሩን ሁሉ በባለቀለም ፖስተር ሞላው። ሁለቱ ልጆች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ይዘው ሲመጡ ግድግዳ ላይ ቦታ የለም። አንዷ ወረቀቷን እጅ መታጠቢያው አጠገብ ለጠፈችው። በማግስቱ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ፈስሶ ስሟ አይነበብም ነበር። ማንም አትናገሪ አላላትም። ግን ማን ሰማት?

ሳምራዊት፦
ሄኖክ ወንድሜ፣ የልጅቷ ወረቀት እኔንም አሳዝኖኛል። የ2010ሩን ፍርድ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ነገሩ ከየት ተነሳ? አንድ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሂላሪ ክሊንተንን የሚተች ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ለ2008ቱ ምርጫ የዕጩዎች ፉክክር በሚደረግበት ሰሞን ላሳየው አለ። ሕጉ አይቻልም አለው። በ2009 ክርክሩ ሲሰማ ዳኞቹ የመንግሥትን ጠበቃ ጠየቁት። ፊልም ሳይሆን መጽሐፍ ቢሆንስ? ጠበቃውም በኩባንያ ገንዘብ የሚታተም ከሆነና እገሌን ምረጡ የሚል ካለበት መንግሥት ሊከለክለው ይችላል አለ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። መጽሐፍ እኮ ነው። ከኩባንያ ካዝና ጀምረን አሳታሚ ቤት ደጃፍ ደረስን። የምፈራው ይህን ነው። ጣሪያ ስትሠራ የሚለካ ሰው ትቀጥራለህ። የሚለካው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ራሱ ተወዳዳሪ ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ለመታወቅ ገንዘብ አያስፈልገውም፣ በየቀኑ ዜና ላይ ነው። ጣሪያው ጭንቅላቱን የሚመታው አዲስ ገቢውን ነው።

እንግሊዞች ገና በ1883 ነው የዕጩዎችን ወጪ በሕግ የገደቡት። በ2023 ግን ሥልጣን ላይ የነበረው መንግሥት ለፓርቲዎች በአንድ የምርጫ ክልል 30,000 ፓውንድ የነበረውን የወጪ ጣሪያ ወደ 54,010 አሳደገው። በተከታዩ ዓመት ተሸነፈ፣ ልክ ነው። ቢሆንም መለኪያው በማን እጅ እንዳለ ያሳያል።

ደግሞ መራጭን እንደ ዕቃ የሚገዛ አናስመስለው። ባለሀብቱ ማይክል ብሉምበርግ በ2020 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን ከራሱ ኪስ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር አወጣ። ብዙ ግዛቶች ዕጩ በሚመርጡበት በትልቁ የድምፅ መስጫ ቀን ያሸነፈው ትንሿን የደሴት ግዛት አሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው። በማግስቱ ራሱን አገለለ። ሰው ማስታወቂያውን አየ፣ ሰማ፣ አልፈልግም አለ።

ብሩክ፦
ሳምሪ፣ ብሉምበርግ የሸመተው ወንበር ነው፣ አልሸጥ አለው። እሺ። ግን ገንዘብ ጆሮም ይገዛል። አንድ የምክር ቤት አባል ጠረጴዛው ላይ ሁለት መልእክት ቢቀመጥ፣ አንዱ ቅስቀሳውን ከደገፈ ባለሀብት፣ ሌላው ከማያውቀው መራጭ፣ ለማን ነው መጀመሪያ የሚደውለው? እዚህ ውስጥ ጉቦ የለም። ሕግም አልተጣሰም። ሁለተኛው ስልክ ግን ሳይደወል ይመሻል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

መቅደስ፦
ሁላችሁም ስለ ተናጋሪው እያወራችሁ ነው። ሰሚውስ? በ1948 የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 19 መናገርን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። መረጃና ሐሳብ መፈለግንና መቀበልንም ይላል። ሕግ ስማር ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ መሰላችሁ፤ «መቀበል» የሚለው ቃል ላይ ያቆምኩት ግን ዘግይቼ ነው።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 የደረሰው እዚህ ነው። ፓርቲ ያልሆኑ ቡድኖች በምርጫ ወቅት የሚያወጡት እንዲገደብ ሕግ ወጥቶ ነበር። ከሳሹ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ስቲቨን ሃርፐር ነው። ፍርድ ቤቱ ገደቡን አጸናው። ጥቂት ሀብታሞች መድረኩን ሁሉ ከያዙት መራጩ የሌሎቹን ሐሳብ የመስማት ዕድል ያጣል ነው ምክንያቱ። ያንኑ የመናገር ነጻነት ይዘው ከአሜሪካኖቹ ተቃራኒ ቦታ ደረሱ። ሄኖክ፣ የአንተ ታሪክም እኮ የልጅቷ ብቻ አይደለም። ስሟን ማንበብ ያልቻሉት ተማሪዎችም ነው።

ግን ሳምራዊትን አላጣጥላትም። ብሪታንያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የሚከፈልበት የፖለቲካ ማስታወቂያ ከልክላለች። ጉዳዩ በ2013 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው የጸናው 9 ለ 8 ነው። ከሳሹ የነዳጅ ኩባንያ እንዳይመስላችሁ። ለእንስሳት መብት የሚሟገት ድርጅት ነው። ለትልልቆቹ የተጠመደ መረብ ትንሿንም ያዘ። አንድ ዳኛ ሐሳቡን ቢቀይር ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

ጋሽ አበራ፦
ልጆቼ፣ ደህና ተናግራችኋል። ግን የምትቆጥሩት ገንዘብ የትላንቱ ገንዘብ ነው። ሮማኒያ በ2024 ምን ሆነ? ካሊን ጆርጄስኩ የሚባል ብዙም የማይታወቅ ሰው በፕሬዚዳንታዊ ምርጫው የመጀመሪያ ዙር አንደኛ ወጣ። ወደ 23 በመቶ ድምፅ አገኘ። ለቅስቀሳ ያወጣሁት ዜሮ ነው ብሎ አሳወቀ። ዜሮ! ፊቱ ግን በየሰዉ ስልክ ቲክቶክ ላይ ነበር። የአገሪቱ የደኅንነት ተቋማት አንድ ላይ የሚንቀሳቀሱ አካውንቶች ነገሩን ወደ ላይ እንደገፉት አሳወቁ። ሄኖክ፣ ያንተ ጣሪያ ይህን ሰው በየት በኩል ይነካዋል? ዛሬ ግድግዳውን የሚለጥፈው አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ለማን ምን እንደሚታይ የሚወስነው ፕሮግራም ነው፤ ለማን እንደሚለጥፍ ደግሞ አንነገርም።

ፍርድ ቤቱስ ምን አደረገ? የሁለተኛው ዙር ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ውጭ አገር ያሉት ዜጎች መምረጥ ከጀመሩ በኋላ፣ ምርጫውን ከነጭራሹ ሰረዘው። በ2025 ሲደገምም ሰውየው እንዳይወዳደር ተደረገ። በእኔ ዕድሜ ብዙ አይቻለሁ። ለዴሞክራሲ ሲባል የሰጠኸው ድምፅ አይቆጠርም የተባለ ሰው ነገ ለመምረጥ ይወጣል ወይ? ይህን ጥያቄ እኔ መመለስ አልቻልኩም።

ሳምራዊት፦
ጋሽ አበራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ከመጀመሪያው ልል የፈለግኩትን እርስዎ በትክክል አስቀመጡት። ሰውየውን አልደግፍም። ምንም ቢናገር ግን መልሱ ሌላ ንግግር እንጂ ስረዛ መሆን አልነበረበትም።

መቅደስ፦
ሳምሪ፣ ንግግር ለንግግር መልስ የሚሆነው ሰሚው ማን እየተናገረው እንደሆነ ሲያውቅ ነው። አንድ ሺህ አካውንት አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ክርክር ሳይሆን ማስመሰል ነው። ስረዛው ላይ ግን ካንተ ጋር ነኝ ጋሽ አበራ፣ ይቅርታ፣ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ማስረጃው ለሕዝብ በደንብ ሳይቀርብ እንዲህ ያለ ውሳኔ መስጠት ከባድ ነው።

ሄኖክ፦
ልመን። ጋሽ አበራ ያነሱት ነገር ክርክሬን ሸንቁሮታል። ጣሪያ ብቻውን አይበቃም። በወረቀት ላይ ያለ ጣሪያም ይጣሳል፤ ፈረንሳይ ውስጥ በ2012 ሥልጣን ላይ የነበረው የፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ ቅስቀሳ 22.5 ሚሊዮን ዩሮ የሆነውን ጣሪያ በእጥፍ ገደማ አልፎ፣ ሰውየው ጥፋተኛ የተባለው በ2021 ነው። ምርጫው ካለፈ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ።

ስለዚህ ከላይ ከመቁረጥ ይልቅ ከታች ማንሳት ይሻላል ወይ እያልኩ ነው። ሲያትል ከተማ የሚያደርጉትን ታውቃላችሁ? ሕዝቡ በ2015 ድምፅ ሰጥቶበት በ2017 ጀመሩት። ለመራጭነት ለተመዘገበ ነዋሪ በፖስታ አራት ኩፖን ይላክለታል። አንዱ 25 ዶላር ነው። ፈርመህ ለፈለግከው የከተማ ዕጩ ትሰጠዋለህ፤ ወጪውን ከተማው ከንብረት ግብር ይሸፍናል። ዕጩው ኩፖን ከፈለገ የወጪ ገደብ ይቀበላል፣ በፈቃዱ ነው። አሁን ኪራይ ቤት የምትኖር አንዲት አሮጊት ጠረጴዛዋ ላይ 100 ዶላር አለ። ዕጩው በሯን ያንኳኳል። ብሩክ ያልከው ሁለተኛው ስልክ ይደወላል ማለት ነው።

ብሩክ፦
ይሄ ተመቸኝ። ቢያንስ በር ይንኳኳል።

ሳምራዊት፦
እኔም እደግፈዋለሁ፤ ማንንም ዝም አያሰኝም። እዚያው ሲያትል የሆነ ሌላ ነገር ልጨምር። በ2019 አማዞን ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ቡድን ሰጠ። ቡድኑ የደገፋቸው አብዛኞቹ ዕጩዎች ተሸነፉ። ለምን? ገንዘቡ ከማን እንደመጣ መራጩ ስላወቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰጪው ማን እንደሆነ መግለጽ ግዴታ ነበር። ለእኔ ከጣሪያ ይልቅ መስኮት ይሻላል።

መቅደስ፦
መስኮቱስ እስከ የት ይከፈት? በ1956 የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር የሆነውን ኤንኤኤሲፒን የአባላትህን ስም ዝርዝር አምጣ ብሎት ነበር። ስማቸው ቢወጣ ከሥራ ሊባረሩ፣ ሊደበደቡ ይችሉ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1958 አትሰጥም አለ። ግልጽነት ኃያሉን ያጋልጣል፤ ደካማውንም ያጋልጣል።

ሄኖክ፦
ለዚህ እኮ ነው መጠኑ ወሳኝ የሚሆነው። ሃምሳ ዶላር የሰጠ ሰው ስሙ ይሰወር። አምስት ሚሊዮን የሰጠው ግን ማስታወቂያው ላይ፣ እዚያው ስክሪኑ ላይ፣ ስሙ በትልቁ ይጻፍ። ጋሽ አበራ እንዳሉት ደግሞ ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ አንድን ፊት ለምን ሚሊዮን ሰው ፊት እንዳቀረበው ለገለልተኛ መርማሪ ያሳይ። ሳምሪ፣ ይህን ያህሉን ትቀበያለሽ?

ሳምራዊት፦
አምስት ሚሊዮኑን አዎ። የአልጎሪዝሙንም፣ መርማሪው በእርግጥ ገለልተኛ ከሆነ አዎ። ያንን መርማሪ ማን ይሾመዋል ለሚለው ግን መልስህን እጠብቃለሁ።

ጋሽ አበራ፦
እኔም እጠብቃለሁ።