ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው ፀሐይ መሞቅ ይችላል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የሚኖሩት አባቴ ከ3 ወር በፊት ፔስሜከር ተገጥሞላቸዋል። ጠዋት ደጅ ወጥተው ፀሐይ መሞቅ ልማዳቸው ነበር፤ አሁን ግን ሙቀቱ መሣሪያውን ያበላሽብኛል ብለው ከቤት አልወጣም ስላሉ ተጨንቀናል። ስጋታቸው እውነትነት አለው?

ምላሽ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። መሣሪያው ከቆዳ ሥር የተቀመጠ በመሆኑና ሰውነትም ሙቀቱን 37 ዲግሪ አካባቢ ስለሚጠብቅ፣ የጠዋት ፀሐይ ሥራውን አያውክም። ቆዳቸው ስስ ከሆነ ቦታው ሞቅ ሊላቸው ይችላል፤ ይህ አያስፈራም። ጠባሳው ግን ገና አዲስ ስለሆነ በፀሐይ እንዳይጠቁር በልብስ ይሸፈን።

ምላሽ፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከሆነ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ፈሳሽ አጥተው የደም ግፊታቸው ሊወርድና ከተቀመጡበት ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል፤ አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ ምት መድኃኒት ደግሞ ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። የልብ ድካም ካለባቸው የሚጠጡት ውኃ ሊገደብ ስለሚችል፣ መጠኑን ሐኪማቸው ይወስንላቸው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሚዮዳሮን ይወስዳሉ፤ ይህን የነገረን አልነበረም። ሐኪማቸውን እስክናነጋግር ድረስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝና ባርኔጣ አድርገው ጥላ ሥር እንዲቀመጡ እነግራቸዋለሁ።