ለእህቴ ልጅ መድኃኒት በሰው ልላክ?

የፒያሳ ልጅ (ሊድስ)፦ ሰላም የሀዋሳ ልጆች። የእህቴ ልጅ 4 ዓመቱ ነው። የሳንባ ምች ይይዘዋል፣ ይሻለዋል፣ ደግሞ ጆሮው ይመግላል። ሪፈራል ያየው ሐኪም «የአንቲቦዲ፣ ማለት ሰውነት በሽታ የሚከላከልበት ነገር፣ እጥረት ሊሆን ይችላል» አላት። እሷ ደግሞ «ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል አለ፣ ለፋሲካ ከሚመጣ ሰው ጋር ላክልኝ» ብላ ስልኬን አቃጠለችው። ከየት ነው የሚገዛው?

ነርሷ (በርሚንግሃም)፦ ወንድሜ፣ ይሄ ፓራሲታሞል አይደለም። የሌሎች ሰዎች አንቲቦዲ ነው፤ ከብዙ ሺህ ሰዎች ፕላዝማ፣ ማለት ከደማቸው ፈሳሽ ክፍል ነው የሚሠራው። አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ በረዶ ከሆነ ይጣላል። ካልሲ መሀል ከተህ አትልከውም። እዚህም ቢሆን ከፋርማሲ ዝም ብለህ አትገዛውም፤ የኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ) ክሊኒክ ነው የሚከታተለው። መጀመሪያ አይጂጂ፣ አይጂኤና አይጂኤም የሚባሉት የአንቲቦዲ ዓይነቶች በደም ይለካሉ። ለክትባት ሰውነቱ ምላሽ መስጠቱንም ያያሉ። ከተረጋገጠ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። ሠልጥነው ቤታቸው በየሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወስዱም አሉ። መጠኑ በኪሎ ነው፦ በወር ለአንድ ኪሎ ከ0.4 እስከ 0.6 ግራም አካባቢ። 15 ኪሎ ከሆነ ከ6 እስከ 9 ግራም። በየወሩ! የመጀመሪያው ሲያልቅስ?

ታቦር (ሚኒሶታ)፦ አንዴ ከጀመርክ ማቆሚያ የለውም። እኔ በቤት ኪራይ ጀምሬ አሁን የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ደርሻለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦ ስለ ሠርግ ማን አወራ?

እትዬ (ዲሲ)፦ ልጆቼ፣ እኛ ሳል ሲይዘን የሀይቁን ዓሣ ሾርባ ጠጥተን ነው ያደግነው። አቤት ያ ሽታ! ዛሬ ለሁሉም ስም ወጣለት።

ነርሷ፦ እትዬ፣ ስሙ የወጣው ዛሬ አይደለም። ብሩተን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ነው እንዲህ ዓይነት እጥረት ስላለበት አንድ የ8 ዓመት ልጅ የጻፈው። ያን ዓይነቱ በእናት በኩል ይመጣል፣ የሚያጠቃው ወንዶችን ነው። የእናቱ አንቲቦዲ ሲያልቅበት፣ ከ6 ወር በኋላ አካባቢ መታመም ይጀምራል። የፒያሳ ልጅ፣ ከእናንተ ወገን በሕፃንነቱ የሞተ ወንድ አለ?

የፒያሳ ልጅ፦ ታላቃችን። ሳንባ ነው ይሉ ነበር። እኔ አልደረስኩበትም።

ነርሷ፦ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ትንገረው። የፖሊዮ ጠብታም ሳታማክረው እንዳታሰጠው። ውስጡ ያለው ሕያው ቫይረስ ነው።

ታቦር፦ ክትባት አታሰጪ ልትያት ነው? ከበርሚንግሃም ሆነሽ?

ነርሷ፦ «ሳታማክረው» አልኩ። አንብብ እንጂ!

የፒያሳ ልጅ፦ እሺ፣ ምርመራው እዛው ሀዋሳ ይሠራል ወይስ ደሙ አዲስ አበባ ይላካል? ለሱ የሚሆን ብር ልልክላት።

ታቦር፦ በባንክ እንዳትልክ ብቻ።

እትዬ፦ ለምን አይልክም? አገር በምን ይቁም?

ታቦር፦ እትዬ፣ አገር በኔ መቶ ዶላር አይቆምም። የባንኩንና የጥቁር ገበያውን ምንዛሪ ልዩነት አስልተው ያውቃሉ?

እትዬ፦ ያንተ መቶ፣ የሌላው መቶ...