ማሽኑ ማዕዘኑ ላይ አልሄድ አለኝ፣ የምታውቁ ርዱኝ

ስፌት የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ያለሁት አዳማ ነው። ደብረ ብርሃን ለምትኖረው የልጅ ልጄ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም፣ ነፋ ነፋ ያለ ብርድ ልብስ እየሠራሁላት ነው (እዚህማ በዚህ ሙቀት ማን ይለብሰዋል!)። ከላይ 15፣ ከታች 12 ሳንቲሜትር ካሬ ጨርቅ አድርጌ፣ የላዩን ትርፍ በየጎኑ መሀል ላይ አጥፌ፣ ሦስቱን ጎን እሰፋና በአራተኛው ጥጥ ጠቅጥቄ እዘጋዋለሁ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽዬ ትራስ ነው፣ ደስ ይላል።

ጣጣው መገጣጠሙ ላይ ነው። ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጌ ስሰፋ ይሄዳል፤ አራቱ ማዕዘን የሚገናኙበት ጋ ስደርስ ግን እጥፉም ጥጡም ተደራርቦ ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ መርፌውም ይጎብጣል። የድሮ የእግር ማሽን ናት፣ ጂንስ እንኳ ሳትለግም ትሰፋለች። ጥጡን ልቀንስ? ወይስ ባዶውን ገጣጥሜ በኋላ ከጀርባ ትንሽ ቀድጄ ልጠቅጥቅ? ጎረቤቴ በእጅ ስፊው ትላለች፤ እሷ አትሰፋው፣ ምን ቸገራት።

ገበሩስ? በየማዕዘኑ በክር ብቋጥረው እጥበት ይችላል? ጥጥ ሲታጠብ ይጓጉላል የሚሉም አሉ፤ በፋይበር የሞላ ሰው ካለ ይንገረኝ።